ልብ የሚሞላበት ጊዜ

(በአንድ የሰፈር አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለተማሪዎችና ለወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል ያልሁትን ብዙም ሳልነካካ ጻፍሁት።)

እንደምን ዋላችሁ። ከመጀመሬ በፊት ትንሽ ላስቸግራችሁ። የቀኝ እጃችሁን ሁለት ጣቶች በግራ እጃችሁ አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣቱ በታች ባለው ጎድጓዳ ቦታ አስቀምጡ። አውራ ጣታችሁን አትጠቀሙ፤ የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታችኋል። አገኛችሁት? ያላገኛችሁ አትደንግጡ፣ በሕይወት አላችሁ። ትንሽ ወደ ጎን ፈልጉት። አሁን ለ30 ሰከንድ ቁጠሩ፣ በሁለት አባዙት፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት። መጨረሻ ላይ እንፈልገዋለን።

አብዛኞቻችሁ 70 አካባቢ ጽፋችኋል። ከ60 እስከ 100 ያለው ሁሉ ደህና ነው። እስቲ በ70 እናስላ። በቀን ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሆናል። ልብ በአንድ ምት የምትገፋው ደም 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ አንድ የቡና ሲኒ በሉት። 70 ሲኒ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ነው። በቀን ደግሞ 7,000 ሊትር ያልፋል። ውሃ በጀሪካን የቀዳ ሰው በደንብ ይገባዋል፤ በባለ 20 ሊትሩ 350 ጀሪካን ማለት ነው። ይህን የሚሠራው የጭብጣችሁን ያህል የሆነ፣ ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ሥጋ ነው።

ግን ሰውነታችን ውስጥ ያለው ደም በጠቅላላ 5 ሊትር ገደማ ነው፣ የጀሪካኑ ሩብ። ታዲያ 350 ጀሪካን ከየት መጣ?

ይህን ጥያቄ በቁጥር የጠየቀው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ ነው። በ1628 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው) መልሱን አሳተመ። ከእሱ በፊት ከ1,400 ዓመት በላይ የታመነው የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም የጋለን ትምህርት ነበር። በዚያ ትምህርት ጉበት ከምግብ ደም ይሠራል፣ ደሙ ወደ ሰውነት ይፈስሳል፣ ሰውነትም ይመጠዋል። እንደ መስኖ ውሃ ነው፤ ማሳው ከጠጣው አይመለስም። ሃርቪ ሒሳቡን ሲሠራ ግን ነገሩ አልገጥም አለው። ልብ በአንድ ምት የምትገፋውን እጅግ ዝቅ አድርጎ ቢገምትም፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚወጣው ደም በሰውነት ካለው ሁሉ በለጠ። ማንም ሰው ይህን ያህል አይበላም። ስለዚህ ያው ደም ዞሮ ይመጣል ማለት ነው።

ሃርቪ የብዙ እንስሳትን ልብ ከፍቶ አይቷል። መጀመሪያ ላይ እንቅስቃሴው በጣም ስለፈጠነበት፣ ይህን የሚረዳ እግዚአብሔር ብቻ ነው ወደማለት ደርሶ ነበር። የረዱት ደማቸው ቀዝቃዛ የሆኑ እንስሳትና ሊሞቱ የተቃረቡ እንስሳት ናቸው። የእነሱ ልብ ቀስ ስለሚል ደረጃው አንድ በአንድ ይታያል። ለፍትሕ ያህል ግን አንድ ስም ልጨምር። ደም ከልብ ቀኝ ወደ ግራ የሚሻገረው በሳንባ በኩል ዞሮ እንደሆነ በ13ኛው መቶ ዓመት ካይሮ ውስጥ ይሠራ የነበረው የደማስቆው ሐኪም ኢብን አል-ናፊስ ጽፎት ነበር። ጋለን በሁለቱ ክፍሎች መካከል የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ ብሎ ነበር። ኢብን አል-ናፊስ ደግሞ ግድግዳው ድፍን ነው፣ ቀዳዳ የለውም አለ።

ቀዳዳ የለውም ስንል ወሬ ብቻ እንዳይሆን ይህን አምጥቻለሁ።

(እዚህ ላይ ከፌስታል ውስጥ የበግ ልብ አወጣሁ። ፊት ወንበር ላይ የነበሩ ሁለት ልጆች ወደ ኋላ ሄዱ፣ አራት ደግሞ ወደ ፊት መጡ።)

ዛሬ ጠዋት ከሥጋ ቤት የገዛሁት ነው። በዓል ሲመጣ በየቤታችሁ አይታችሁታል። በግ ሲታረድ ልቡ ከሳንባው ጋር ተያይዞ ይወጣል፣ ሳንባውን ውሻ ይወስደዋል፣ ልቡን እኛ እንበላዋለን። የሰውም፣ የበግም፣ የዓሣ ነባሪም ልብ አሠራሩ አንድ ነው። አራት ክፍል አለው፤ ሁለት ላይ፣ ሁለት ታች። የላይኞቹ ተቀባዮች ናቸው፣ የታችኞቹ ገፊዎች። ቀኙ ከሰውነት የተመለሰውን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይልካል። ግራው ከሳንባ አየር ይዞ የመጣውን ተቀብሎ ወደ መላ ሰውነት ይልካል። አንድ ልብ እንላለን እንጂ ጎን ለጎን የተጣበቁ ሁለት ፓምፖች ናቸው።

አሁን በቢላ ልክፈተው። ተመልከቱ፣ የግራው ግድግዳ ከቀኙ ሦስት እጥፍ ያህል ይወፍራል። ሁለቱ የሚገፉት ደም መጠኑ እኩል ነው፤ ልዩነቱ የጉልበት ነው። ሳንባ ቅርብና ልል ስለሆነ ቀኙ በደም ግፊት መለኪያ 25 ገደማ በሆነ ግፊት ሥራውን ይጨርሳል። ግራው ግን ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት ማድረስ ስላለበት 120 ያስፈልገዋል።

እነዚህን ነጫጭ ክሮች ደግሞ እዩአቸው። ጣቴን ከሥራቸው አስገብቼ ስስብ አይበጠሱም። ላይኛውንና ታችኛውን ክፍል የሚለየው በር፣ ሐኪሞች ቫልቭ የሚሉት፣ በእነዚህ ክሮች ከታች ተይዟል። ቫልቩ ስስ ነው፣ የራሱ ጡንቻ የለውም። የሚከፍተው ዘበኛ የለም፤ ከኋላው ያለው ደም ሲበረታ ይከፈታል፣ ከፊቱ ያለው ሲበረታ ይዘጋል። ክሮቹ ባይኖሩ ኖሮ ነፋስ እንደያዘው ጃንጥላ ወደ ላይ ይገለበጥ ነበር። እንዲህ ዓይነት በር ልብ ውስጥ አራት አለ፤ ሁለቱ መግቢያ፣ ሁለቱ መውጫ። ክር ያላቸው መግቢያዎቹ ብቻ ናቸው። ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረታችሁ ላይ ሲያደርግ የሚሰማው ሁለት ድምፅ፣ መጀመሪያ የመግቢያዎቹ፣ ቀጥሎ የመውጫዎቹ መዘጋት ነው። ብዙ ሰው ድምፁ ልብ ስትጨመቅ የሚወጣ ይመስለዋል። አይደለም፣ በር ሲዘጋ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስለ ልብ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ግፊቱ ነው። እኔ ዛሬ ላወራ የመጣሁት ግን ስለ ሌላኛው ግማሽ ነው፣ ስለ መሙላቱ። ልብ የምትገፋው የመጣላትን ብቻ ነው፤ ካልሞላች የምትሰጠው የላትም። አማርኛችን “ልበ ሙሉ” ሲል ድፍረትን ነው፤ የፊዚዮሎጂ፣ የሰውነት አሠራር ማለት ነው፣ መምህር ግን ቃል በቃል ይወስደዋል።

በደቂቃ 75 ጊዜ የምትመታ ልብ ውስጥ አንዱ ምት 0.8 ሰከንድ ይፈጃል። ከዚያ ውስጥ የታችኛው ክፍል የሚጨመቅበት 0.3 ሰከንድ ገደማ ነው። የቀረው 0.5 ሰከንድ ላልቶ የሚሞላበት ነው። “ልብ ዕድሜ ልኳን ያለ ዕረፍት ትሠራለች” ሲባል ትሰማላችሁ። ደምሩት፤ ከ24 ሰዓት 15ቱን ላልታ ነው የምታሳልፈው። ከብዙዎቻችን ይሻላታል።

ይህ ስንፍና አይደለም። ልብ ራሷም ጡንቻ ናት፣ ደም ትፈልጋለች። ውስጧ የሚያልፈው ደም ግን አያጠግባትም፤ የሚመግቧት በውጭ በኩል እንደ ሐረግ የተጠመጠሙባት ትንንሽ ቧንቧዎች ናቸው። እነሆ፣ በበጉም ላይ ስቡ መሐል ይታያሉ። የግራው ጡንቻ ሲጨመቅ ግድግዳው ውስጥ ያሉትን ቧንቧዎች ራሱ ቆንጥጦ ይይዛቸዋል። ስለዚህ የግራው ክፍል በአብዛኛው የሚመገበው ሲላላ ነው። ቡና ቤት እንደሚሠራ አስተናጋጅ ነው፤ ምሳውን የሚበላው ደንበኛ ሲቀል ነው።

ታዲያ ልብ ስትፈጥን ምን ይሆናል? የሚያጥረው በብዛት የዕረፍቱ ጊዜ ነው። በደቂቃ 200 ስትደርስ የመሙያው ጊዜ ወደ 0.14 ሰከንድ ይወርዳል። የሚቀርበው ደም ሲያንስ፣ የሚጠየቀው ሥራ ሲበዛ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። ጤነኛ ልብ ይህን ትችለዋለች። ቧንቧዋ የጠበበ ልብ ግን ደረጃ ስትወጡ ደረታችሁን ጨምድዳ ትይዛለች።

“ምቱን የሚያዘው ማን ነው?” አእምሮ የሚል መልስ ሰማሁ። አይደለም። ከቀኙ ላይኛ ክፍል ግድግዳ ላይ አንዲት ትንሽ የሴሎች ስብስብ አለች። ኪዝና ፍላክ የተባሉ ሁለት ብሪታንያውያን በ1907 ስለ እሷ ጻፉ። የኤሌክትሪክ ምልክት ራሷ ታመነጫለች። ምልክቱ መጀመሪያ የላይኞቹን ክፍሎች ያኮማትራል፣ ከዚያ መሐል ላይ ካለች ሌላ ጣቢያ ሲደርስ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ይህች መዘግየት ለእኔ የልብ ትልቁ ብልሃት ናት። የላይኞቹ የመጨረሻዋን ጉንጭ ወደ ታች እስኪያንጠፈጥፉ ድረስ የታችኞቹ ይጠብቃሉ። እዚህም ነገሩ መሙላት ነው።

ክርስቲያን ባርናርድ በዲሴምበር 1967 ኬፕ ታውን ውስጥ የአንድን ሰው ልብ ለሌላ ሰው ሲተክል፣ ወደ ልብ የሚሄዱት ነርቮች ተቆርጠው ነበር። ሆኖም ልቡ መታ። በሽተኛው 18 ቀን ኖሯል፣ በመጨረሻ የገደለው የሳንባ ምች ነበር። ልብ የተተከለላቸው ሰዎች ግን አንድ ነገር ይታይባቸዋል፤ ቁጭ ብለውም ልባቸው ወደ 90 እና 100 ይጠጋል። ምክንያቱም ያቺ ምልክቱን የምታመነጨው የሴሎች ስብስብ ለራሷ ብትተው የምትመታው በደቂቃ 100 ገደማ ነው። እናንተን 70 ላይ ያቆማችሁ ከአእምሮ የሚወርደው ቬገስ የሚባል ነርቭ ነው፣ ፍሬን ነው። አእምሮ ለልብ በሰላሙ ጊዜ የሚሰጣት ትዕዛዝ “ቀስ በይ” የሚል ነው። ረጅም ርቀት የሚሮጡ አትሌቶች ዘንድ ሲያርፉ 40 አካባቢ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። ልባቸው ሰፊ ስለሆነ በአንድ ምት ብዙ ትይዛለች፣ መቸኮል አያስፈልጋትም።

በሌሎች አጥቢዎች ልዩነቱ ይሰፋል። ከሁሉም ክብደቷ የቀለለው አጥቢ፣ አይጥ የምትመስል ፍጥረት፣ ልቧ በደቂቃ እስከ 1,500 ይመታል። በ2019 ተመራማሪዎች በሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ላይ መለኪያ ለጥፈው የሰሙት ግን ጠልቆ ሲገባ በደቂቃ እስከ 2 ምት ድረስ ይወርድ ነበር። ሁለት! በመሐሉ አቡነ ዘበሰማያት ደግማችሁ ትጨርሳላችሁ።

አሁን አንድ እንቆቅልሽ። ቀኙና ግራው እኩል መግፋት አለባቸው አልን። ቀኙ በየምቱ በ1 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢበልጥስ? በ70 ምት፣ በአንድ ሰዓት 4.2 ሊትር ደም ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። እናንተ ደግሞ በራሳችሁ ደም ትሰምጣላችሁ። ማን ነው በየምቱ እየለካ የሚያስተካክለው? ማንም። ጀርመናዊው ኦቶ ፍራንክ በእንቁራሪት ልብ፣ ቆይቶም እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ በውሻ ልብ እንዳሳዩት፣ የልብ ጡንቻ በሞላና በተለጠጠ ቁጥር አጥብቆ ይኮማተራል። ግራው ብዙ ከመጣለት ብዙ ይገፋል፣ ጥቂት ከመጣለት ጥቂት። አለቃ የሌለበት መሥሪያ ቤት ሆኖ ሥራው የማይበላሽበት ይህን ብቻ ነው የማውቀው።

አሁን ወላጆች ወደሚጠይቁኝ ነገር ልምጣ። “ደም ብዛት” የሚለው ስያሜ ሁሌ ያናድደኛል። የበዛው ደም አይደለም፣ ግፊቱ ነው። ስሙን ሰምተው “ደም ማነስ ስላለብኝ ደም ብዛት አይዘኝም” የሚሉ ሰዎች ገጥመውኛል። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ።

120 በ80 የሚባለውን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? 120 ልብ ስትገፋ ያለው ነው። 80 የመላላቷ ጊዜ ነው። ግን ልብ ስትላላ ውስጧ ያለው ግፊት ወደ ዜሮ ይጠጋል። ሰማንያው ከየት መጣ? ከልብ የሚወጣው ትልቁ ቧንቧ፣ አኦርታ፣ እንደ ላስቲክ ነው። ስትገፋ ይነፋል፣ በሩ ሲዘጋ ይሰበሰባል፣ ሲሰበሰብ ደሙን ወደ ፊት ይገፋዋል። ልብ ስታርፍም ደሙ አይቆምም። ዕድሜ ሲገፋ ላስቲኩ ይደርቃል፤ የሽማግሌዎች የላይኛው ቁጥር የሚጨምረው በብዛት በዚህ ነው።

ግፊቱ ለዓመታት ከፍ ብሎ ከቆየ የግራው ግድግዳ ይወፍራል፣ ክብደት እንደሚያነሳ ክንድ። መጀመሪያ ጥሩ ይመስላል። ግን የወፈረ ግድግዳ ይደነድናል፣ በቀላሉ አይላላም፣ ስለዚህ አይሞላም። ሰውዬው ሐኪም ዘንድ ሄዶ “ልብህ በደንብ ትገፋለች” ይባልና ግን ዳገት ላይ ትንፋሹ ይቆረጣል። መግፋቱ ደህና ሆኖ መሙላቱ ታሟል።

ቀጭኔ እዚህ ላይ ትገርማለች። ጋምቤላ አካባቢ አሉን። ከልቧ እስከ አእምሮዋ 2 ሜትር ያህል ሽቅብ ስላለ፣ ግፊቷ ከሰው እጥፍ ገደማ ነው። ለእኛ ቢሆን ገዳይ ነው፣ ለእሷ የዘወትር ነው። እግሯ ላይ ያለው ቆዳ እንደ ጠባብ ካልሲ ጥብቅ ስለሆነ እግሯ አያብጥም።

ሌላው የመሙላት በሽታ የልጆች ነው፣ በአገራችንም ብዙ ነው። አንድ ልጅ ጉሮሮውን ያመዋል። አንዳንዱ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው ስትሬፕቶኮከስ ከሚባል ባክቴሪያ ነው። ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ በስሕተት የራሱን የልብ በሮች ይመታል። ይህ ሲደጋገም በግራው በኩል ያለው መግቢያ በር ይጠባል፣ ጠርዞቹ ይጣበቃሉ፣ የዓሣ አፍ ይመስላል። ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር የነበረው ቀዳዳ ወደ 1 ሊወርድ ይችላል። ደም እዚያ ለማለፍ ጊዜ ይፈልጋል። ታማሚዋ ሴት ልጅ ከሆነች አድጋ ታገባለች፣ ታረግዛለች። በእርግዝና የደሙ መጠን ወደ ግማሽ ያህል ይጨምራል፣ ምቱም ይፈጥናል። ያኔ ለመሙላት የሚተርፈው ጊዜ አይበቃም፣ ደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል፣ ማታ መተኛት ያቅታታል። ለብዙዎቹ በሽታው የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

እኔ ልጅ ሳለሁ ጉሮሮ ሲያም “እንጥሉ ወርዷል” ተብሎ ወደ ቆራጭ ይኬድ ነበር። አሁንም የሚሄድ አለ። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አያወጣውም። የሚገድለው ፔኒሲሊን ነው። በሽታው አንዴ ልብ የነካቸው ልጆች ደግሞ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ለዓመታት ይወጋሉ። መርፌው ያማል፣ አልዋሽም። ልጁ “ደህና ነኝ እኮ” ይላል፣ እናት ታዝናለች፣ አንዱ ወር ይዘለላል። መዝለሉ ነው በሩን የሚጨርሰው።

አንድ አባት ደግሞ ከኋላ እጃቸውን አነሡ። “ቅዳሴ ላይ ብዙ ስቆም ያዞረኛል፣ ልቤ ይሆን?” አሉ። ሐኪም ይዩዎት አባባ፣ እኔ መምህር ነኝ። ግን ይህን ልንገርዎት። ሰው ሲቆም ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። ተመልሶ ሽቅብ መውጣት አለበት። ከታች የሚገፋው ባት ነው፤ ባት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሥሮቹን ይጨምቃቸዋል፣ ሥሮቹ ውስጥም ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ በሮች አሉ። ሳይነቃነቅ የቆመ ሰው ይህን ረዳት ያጣል። ሰልፍ ላይ ጤነኛ ወታደር ዘፍ የሚለው ለዚህ ነው። እርስዎ ተረከዝዎን ከፍ ዝቅ ያድርጉ። ደብተራዎቹ በዝማሜ ሲወዛወዙ ባታቸው ሥራ ላይ ነው። ዝማሜ ለዚህ ተሠራ ማለቴ አይደለም፣ እንዳትጣሉኝ።

እንግዲህ ወረቀታችሁን አውጡ። ሁላችሁም ተነሡ። አንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ፣ ከዚያ እንደ ቅድሙ ለ30 ሰከንድ ቁጠሩ።

ስንት ሆነ? 68 የነበረው 80። 74 የነበረው 84። እዚያ ጥግ ያለችው ልጅ ከ88 ወደ 104። አልሮጣችሁም፣ አልፈራችሁም፣ ሥራም አልሠራችሁም። ደሙ እግራችሁ ውስጥ ቀርቶ ነው። ልብ በየምቱ የምታገኘው ሲያንስ፣ ሲኒው ጎደሎ ሲሆን፣ በምት ብዛት ታካክሰዋለች።

ተቀመጡ። የበጉን ልብ በእጃችሁ መንካት የምትፈልጉ ቅረቡ፣ ጓንት አለ። ክሮቹን ሳቡአቸው፣ አትፍሩ፣ አይበጠሱም።